የፋይሉን ስም ሳይሆን ፕሮግራሙን እናርም

ባለፈው ሴሚስተር እዚህ ሬሆቮት ተሰብስበን ስናጠና፣ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ጓደኛችን የቤት ሥራዋን በሲ ቋንቋ ጽፋ ፋይሉን «አያቴ» ብላ ሰየመችው። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚለውጠው መሣሪያ፣ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ቆመ። ፋይሉ ግን ዓይናችን ሥር ነበር። ስሙን በዕብራይስጥ ፊደል «ሳቭታ» ስንለው ያው ፋይል ያለ ችግር ሠራ። የማስረከቢያው ሰዓት ደርሶ ስለነበር በዚሁ ስም አስረከብነው።

«ቀይሩትና እለፉ» የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዚያች ሌሊት ይበቃል። ምክንያቱን ሳናውቅ መቅረት ግን የለብንም።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስም የፋይል ስሞችን በዩኒኮድ ያስቀምጣል። ችግሩ ብዙ ፕሮግራሞች ስሙን የሚጠይቁት በአሮጌው መንገድ፣ 256 ቦታ ብቻ ባለው የፊደል ሰንጠረዥ በኩል መሆኑ ነው። እዚህ አገር የተለመደው ሰንጠረዥ ቁጥር 1255 ላቲንና ዕብራይስጥ አለው፤ ለግዕዝ ቦታ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደላችን የጥያቄ ምልክት ይሆናል። «አያቴ» ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆነ፤ ኮምፓይለሩም ሊኖር የማይችል ፋይል ሲፈልግ ቆየ።

«በእንግሊዝኛ መሰየም የሙያው ልማድ ነው» የሚሉን አሉ። ብዙ ሰው አብሮ ለሚሠራበት ፕሮግራም ልማዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የኮምፒውተሩን የተጠቃሚ ስም በአማርኛ ያስመዘገበ ተማሪስ? ስሙ የመዝገቡ ስም ስለሚሆን፣ ፋይሎቹን በእንግሊዝኛ ቢሰይምም ችግሩ ይከተለዋል።

ወላጆቻችን ይህን ታሪክ ያውቁታል። በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ብዙዎቹ ልጆች ለመዝጋቢው የሚቀል የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ፋይል ሰው አይደለም፤ ነገሩን አናጋንነውም። ሆኖም በሁለቱም ቦታ መዝገቡ ስሙን መያዝ ሲያቅተው እንዲለወጥ የተደረገው ስሙ ነው።

ይህን ማረም ይቻላል። ከ2019 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 አንድ ፕሮግራም ዩቲኤፍ 8 እንደሚጠቀም በጥቂት መስመር እንዲያስታውቅ ይፈቅድለታል። በዩቲኤፍ 8 የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ የዕብራይስጥ 2፣ የእኛ 3 ይወስዳል። አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው ብሎ ቦታ ያዘጋጀ ፕሮግራም ግን ረጅም የአማርኛ ስም ሲደርሰው ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ለእኛ ለተማሪዎች ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥመን አዲሱን የኮምፓይለር እትም እንሞክር። ካልተስተካከለ የኮምፓይለሩንና የዊንዶውሱን እትም፣ ትክክለኛውን የፋይል ስምና ችግሩን የሚያሳይ ባለ ሁለት መስመር ፕሮግራም አያይዘን ለሠሪዎቹ እንጻፍ። አልሠራም ብሎ መጻፍ ብቻ ማንንም አይረዳም። ሁለተኛ፣ የራሳችንን ፕሮግራም ከማስረከባችን በፊት በእናቶቻችን ስም፣ በአማርኛ ፊደል እንፈትነው።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፣ ኮምፒውተሩ ስማችሁን አልቀበልም ቢላችሁ ስማችሁን ከማሳጠራችሁ በፊት ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ማረሙን እየተማሩት ነው።