ያለቀው የባትሪ ድንጋይ ባለቤቱ ማን ነው?

እንደሚታወቀው ማንኛውም የምርት ውጤት ሁለት ሕይወት አለው። አንደኛው ለሰው ልጅ ፍላጎት የሚያገለግልበት ሲሆን፣ ሁለተኛው አገልግሎቱን ጨርሶ ቅሪት የሚሆንበት ነው። ኅብረተሰባችን ለመጀመሪያው ሕይወት አስመጪ፣ አከፋፋይ፣ ሱቅና ዋጋ መድቦለታል። ለሁለተኛው ግን ባለቤት አልሰየመለትም። ይህን ጉድለት በየቤታችን የሚገኘው ትንሹ የባትሪ ድንጋይ አጉልቶ ያሳየናል።

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ በሲኤምሲ አድርጎ እስከ አያት ባለው የምሥራቅ አዲስ አበባ ክፍል የባትሪ ድንጋይ የማይሸጥበት ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። የግድግዳ ሰዓቱ፣ የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ፣ የልጆች መጫወቻና መብራት ሲጠፋ የምናበራው የእጅ ባትሪ ሁሉ ያለ እርሱ አይሠሩም። ይሁን እንጂ የአያት ወይም የሰሚት የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ «ያለቀውን የት ልውሰደው?» ብትል የምታገኘው መልስ «ከቆሻሻው ጋር ጣይው» የሚል ነው። መግዣው በየደጁ ሆኖ መመለሻው የጠፋው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ቁራሌው መመልከት ይበቃል። ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ብረታ ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ አሮጌውን ጫማ ይሰበስባል። የሰበሰበውም መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል። የመኪና ባትሪም ቢሆን በውስጡ ያለው እርሳስ ገንዘብ ስለሚያወጣ ገዥ አያጣም። የባትሪ ድንጋዩን ግን ቁራሌው አይነካውም። ምክንያቱም ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጥፋቱ የቁራሌው አለመሆኑን ነው። እርሱ የሚሠራው በዕለት እንጀራው ሕግ ነው። ገበያ የሚለየው የሚሸጠውንና የማይሸጠውን እንጂ ጎጂውንና የማይጎዳውን አይደለም። የመኪናው ባትሪ ዋጋ በማግኘቱ ተሰበሰበ እንጂ በዚህ ብቻ ከጉዳት አልዳነም። አሲዱን መሬት ላይ እያፈሰሱ እርሳሱን በተራ ምድጃ ማቅለጥ ቀላጩንም ጎረቤቱንም ይመርዛል። ስለዚህ ጉዳዩን ለዋጋ ብቻ መተው አይቻልም።

ለመሆኑ በውስጡ ያለው ምንድን ነው? ተራው ድንጋይ የዚንክ ቆርቆሮ፣ የማንጋኒዝ ውህድና የካርቦን ዘንግ ነው። ዛሬ የሚመረተው አብዛኛው ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ የለበትም። ይህን መሸሸግ አይገባም። በአንጻሩ ግን ከሚሞሉት ባትሪዎች መካከል ኒኬልና ካድሚየም የያዙት አሉ። ካድሚየም ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል። የስልክና የኮምፒዩተር ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሲጨፈለቅ ወይም ጫፎቹ ሲነካኩ እሳት ያስነሳል። ጣዩ አንዱን ካንዱ ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይጥላል።

ከረጢቱ ጉዞውን የሚጀምረው በሰብሳቢ ማኅበራት አባላት፣ በተለይም በሴቶች እጅ ነው። ከዚያም ከገንዳ ወደ ቆሼ ይሄዳል። ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማይቱን ጥራጊ የተሸከመ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ሕይወት የቀጠፈ ስፍራ ነው። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫም ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። ብረታማ ንጥረ ነገር ተቃጥሎ አይጠፋም፤ በአመዱ ውስጥ ይቀራል ወይም ከጢሱ ጋር ይወጣል። ገንዳ ያልደረሰው ደግሞ በዝናብ ተጠርጎ ወደ ቀበናና ወደ ቡልቡላ ወንዞች፣ ከዚያም ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂ ውሃ የሚለማው አትክልት ተመልሶ ወደ ገበታችን እንደሚመጣ አንዘንጋ።

አንዳንዶች «አንዲት ጣት የምታህል ድንጋይ ምን ታደርሳለች?» ይላሉ። ለአንዲቱ እውነት ነው። ነገር ግን የመጠን ለውጥ ተጠራቅሞ የዓይነት ለውጥ ያመጣል። የሚሊዮኖች ከተማ በየዓመቱ የምትጥለው በአንድ ኮረብታ ላይ ሲከማች ጉዳዩ የአንዲት ድንጋይ መሆኑ ያበቃል።

ሕግ የለም ማለትም አይቻልም። ኢትዮጵያ አደገኛ ቅሪት ከአገር አገር የሚዘዋወርበትን ሥርዓት የሚደነግገውን የባዝል ስምምነት በ2000 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። የአደገኛ ቅሪት አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቅሪት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥተዋል። ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ ያለ ሕግ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ሣጥን ሆኖ ካልታየ ለነዋሪዋ ምን ይፈይዳል?

የሌላውን ዓለም ተሞክሮ ብንመለከት፣ የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ሻጭ ያለቀውንም ያለ ክፍያ እንዲቀበል አስገድዷል። በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግም ከተንቀሳቃሽ ባትሪዎች በ2027 መጨረሻ 63 በመቶው፣ በ2030 መጨረሻ 73 በመቶው እንዲሰበሰብ ወስኗል። ይህን የምንጠቅሰው የሀብታም አገር ሥርዓት እንዳለ ይገልበጥ ለማለት አይደለም። ፍሬ ነገሩ ግን ለእኛም ይሠራል፤ ሸጦ ያተረፈ የቅሪቱንም ሸክም ይካፈል የሚል ነው።

ከዚህ አኳያ ምን መደረግ አለበት? ሣጥን መደርደር ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ከሣጥኑ በኋላ ያለው ነው። የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ የሰንዳፋን ትምህርት አይረሳም። በ2008 ዓ.ም. የከተማይቱ ጥራጊ በዚሁ በአያት በኩል ወደ ሰንዳፋ መጫን ተጀመረ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችንና ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ተቃወሙ፤ ጣቢያው በወራት ውስጥ ተዘግቶ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መድረሻው ሳይሰናዳ፣ ባለአገሩም ሳይስማማ የሚደረግ ማጓጓዝ ችግሩን ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ማዛወር ብቻ ነው።

ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል። አንደኛ፣ ወለሉ የማያሰርግ፣ ዝናብ የማያገኘውና ከእሳት የተጠበቀ ማከማቻ ይዘጋጅ፤ በአገር ውስጥ የማይታከመውም በባዝል ስምምነት መሠረት የሚላክበት መንገድ ይከፈት። ሁለተኛ፣ ወጪው በአስመጪው ላይ ይጣል። ሱቆቹ እልፍ ቢሆኑም አብዛኛው ባትሪ የሚገባው በጉምሩክ በር ነው፤ ተጠያቂውን እዚያ ማግኘት አይቸግርም። ሦስተኛ፣ ይህ ሲሟላ ሣጥኑ ሰው በሚመላለስበት ቦታ፣ በቦሌ ገበያ ማዕከላት፣ በትምህርት ቤቶች፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶችና በዕድሮች ይቀመጥ። ለሰብሳቢ ማኅበራትም በኪሎ ይከፈላቸው። ገበያው ያልሰጠውን ዋጋ ኅብረተሰቡ በውሳኔ ሊሰጠው ይችላልና።

ነዋሪውስ እስከዚያው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? አይደለም። ያለቀውን ድንጋይ በደረቅና ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ፣ ልጆች በማይደርሱበት ያኑር። የሊቲየሙን ጫፎች በፕላስተር ሸፍኖ ለብቻው ያስቀምጥ። አያቃጥል፤ አይፈልጥ። ከሁሉም በላይ በወረዳው ስብሰባ ተነሥቶ «መመለሻው የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙራለች። በመቶ ኪሎዎች የሚመዝነው የነገው ባትሪ በቦሌ ጎዳና ላይ እየተመላለሰ ነው። ለጣት ለምታህለው ድንጋይ መመለሻ ያላበጀች ከተማ ለዚያ ግዙፍ ባትሪ ምን ታበጃለች? ትልቁን ለመሸከም ትከሻችንን ማለማመድ ያለብን በትንሹ ነው። ልምምዱም ዛሬ ይጀመር!