ምርመራ ክስ አይደለም

በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ዓ.ም. 155 ሰዎችን አሳፍሮ ከኒውዮርክ ከተማ የተነሣ አንድ ኤርባስ ኤ320 አይሮፕላን ገና ከፍታውን ሳይይዝ ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን አጡ። ካፒቴን ቼስሊ ሱለንበርገርና ረዳታቸው ጄፍሪ ስካይልስ የነበራቸው ጊዜ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። አይሮፕላኑን በሐድሰን ወንዝ ላይ አሳረፉት፤ በአካባቢው የነበሩ ጀልባዎችም ፈጥነው ስለ ደረሱ፣ ከተሳፈሩት ሁሉ አንድ ሰው ሳይሞት ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. ክሊንት ኢስትውድ ይህን ታሪክ «ሰሊ» በተባለው ፊልም አቀረበው፤ ካፒቴኑንም ሆኖ የተጫወተ ቶም ሃንክስ ነው። ፊልሙ የሙያ ትጋት በጭንቅ ሰዓት የሚሰጠውን ፍሬ ማሳየቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጀግና ያለ ጠላት አይደምቅም ተብሎ ይመስላል፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች ካፒቴኑን ለማዋረድ የተነሡ ከሳሾች ተደርገው ቀረቡ። በፊልሙ ውስጥ ካፒቴኑ፣ ሰው ለማሰብ የሚፈጅበት ጊዜ ይታሰብልን ብሎ በጉባኤ ፊት ይረታቸዋል።

እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቦርዱ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት እንደ ተገለጠው፣ በማለማመጃ መሣሪያ በተደረገው ሙከራ ላይ የ35 ሴኮንድ የማሰቢያ ጊዜ እንዲጨመር ያደረጉ መርማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ያም ሙከራ ከአይሮፕላን ማረፊያው ለመድረስ እንደማይቻል አስረዳ። ቦርዱም የሰዎቹን ሕይወት ለማትረፍ የተሻለው መንገድ ወንዙ እንደ ነበረ መሰከረ። ከዚህም በላይ፣ ሁለት ሞተር ሲጠፋ የሚነበበው የመመሪያ ዝርዝር በከፍታ ላይ ላለ አይሮፕላን የተዘጋጀ በመሆኑ አብራሪዎቹ ሊጨርሱት እንዳልቻሉ ታወቀ፤ በዝቅታ ለሚደርስ አደጋ የሚሆን ዝርዝር እንዲዘጋጅም ቦርዱ አሳሰበ። ሰው ሁሉ ድኗልና ምን ይመረመራል ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ይህ ጉድለት ተሸሽጎ በቀረ ነበር።

ፊልም ሪፖርት አይደለም፤ ተመልካቹን ልቡን ሊሰቅልለት ይገባል የሚሉ አሉ። ይህ እውነት ነው። ሆኖም አንዱን ለማክበር ሌላውን ያለ በደሉ ማሳጣት የንግድም ሆነ የጥበብ ሕግ አይፈቅደውም።

ነገሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ዓመቱ በትርፍ ስለ ተዘጋ ሒሳብ መርማሪ አያስፈልገኝም የሚል ነጋዴ፣ ትርፉ በዕድል ይሁን በብልሃት የመጣ ሳያውቅ ለሚመጣው ዓመት ዕቃ ያዛል። መዝገቡን የሚገልጥ ሁሉ ጠላት የሚመስለውም ሰው ወዳጁን ከበሩ ይመልሳል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለኪሣራ ቀን ብቻ አይደለም፤ በደኅና ለታለፈም ቀን ነው። መልካም ሥራ የሠራ ሰው ቢመረመር ክብሩ ይጸናል እንጂ አይጎድልም።