ከመስኮቱ ስወርድ

ባለፈው ዓመት ለእረፍት መርሳ ሄጄ ነበር። ከመኪና ከወረድሁበት እስከ ቤታችን ያለችው መንገድ አጭር ናት፤ ለመጨረስ ግን አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ምነው ከቴሌቪዥኑ ጠፋሽ?» አንዷ ጎረቤታችን ያገባሁ መስሏት ኖሯል። ሌላዋ «ዐረብ አገር ሄዳለች» ብላ ለሰፈሩ አውርታልኛለች። አንድ የሰፈራችን አባት ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፣ ሥራ ነው፤ ሰው ይወጣል ይወርዳል። ግን ምን አጥፍተሽ ነው?» አሉኝ።

ያጠፋሁት ነገር አልነበረም። ወይም ያን ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በአንድ ጣቢያ ዜና ሳነብና ፕሮግራም ስመራ ቆይቼ፣ በራሴ ጥያቄ ወደ ምስል ቅንብር ክፍል ተዛወርሁ። ከሥራ ባልደረቦቼም ውስጥ «ማን ገፋሽ?» ያላለኝ ጥቂት ነው። ከመስኮቱ በገዛ ፈቃዱ የሚወርድ ሰው አለ ብሎ የሚያምን የለም!

ይህንን ለትምህርት ክፍላችን መጽሔት የምጽፈው ያው እምነት እኛም ዘንድ ስላለ ነው። የተግባር ልምምድ በደረሰ ቁጥር ምን እንደምናደርግ እናውቀዋለን። ሁሉም ወደ አቅራቢዋ ወንበር ይሮጣል። ካሜራው ቁመት ላለው ልጅ ይሰጣል፤ ኤዲቲንጉ ደግሞ «ድምፁ አይሆንም» ለተባለው ወይም እንደኔ የወሎ ቅላጼው አልለቅ ላለው ይተርፋል። እንዲያው የመጽናኛ ሽልማት ነገር! መምህሮቻችንም ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነጥብ ሲሰጡ መጀመሪያ የሚያዩት ፊት ነው።

እስቲ የመስኮቱን ሥራ እንዳለ ልንገራችሁ። የማነበውን ጽሑፍ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ምስሉን ሌላ ሰው ቀርጾታል። ከተቀረጸው ውስጥ ይህ ይቅር፣ ይህ ይግባ ያለው ደግሞ ሌላ። የእኔ ድርሻ ፊቴ፣ ድምፄና የሐበሻ ቀሚሴ ነበሩ። ሥራውን ማቃለሌ አይደለም፤ መብራቱ ሲበራ ምላስ እንዳይተሳሰር ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ነገር ግን ሰው የሚያውቀው እኔን፣ የሚያምነውም እኔን ሆኖ ሳለ፣ የሚያየውን የወሰነለት ስሙን እንኳ የማያውቀው ሰው ነበር። ይኸ ነገር ቀስ በቀስ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለዚህ ከወሎ የበለጠ ምስክር የለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። እኛ ዘንድ ግን የታየው ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ፊልሙን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። ያውም እንዳለ አይደለም። በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ድግስ እየተቆረጠ ገባበት፤ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ ታየ። በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ንጉሡን ያወረዳቸው ፊልም ነው እያልሁ አይደለም፤ ነገሩ ወራት የፈጀ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። ሕዝቡን ያስቆጣው የሁለቱ መጋጠሚያ ነበር። ያንን መጋጠሚያ ደግሞ የሠራው ፊቱ ለማንም ያልታየ ሰው ነው።

አሥር ዓመት ቆይቶ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሰራጨት የጀመረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ነው። አዲስ አበባ በሰልፍ ደምቃ ስትታይ፣ ከመርሳ ተነሥቶ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለችው ኮረም ሰው ይረግፍባት ነበር። ዓለም ጉዱን ያወቀው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ሲያሳየው ነው። ዘጋቢው ማይክል በርክ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ተቀባብለው ያሳዩትን ምስል ያነሣው ግን ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። (ይኸ ሰው በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ የተመለሰ ነው። በ1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ኮሞሮስ ላይ ሞተ።)

እንግዲህ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሥልጣን ይህን ያህል ነው። ሥልጣን ከሆነ ደግሞ ይባልጋል። እኔ ራሴ ባልጌበታለሁ።

አንድ ቀን ከሀብሩ የመጣ የመስኖ ዘገባ ለቅንብር ደረሰኝ። አንዲት ገበሬ አራት ደቂቃ ያህል ተናግራለች። መጀመሪያ አመሰገነች። ከዚያ ግን የውኃው ወረፋ ብቻዋን ለምታርስ ሴት ሁልጊዜ በሌሊት እንደሚደርሳት፣ ልጆቿን ጥላ በጨለማ ቦይ ለቦይ እንደምትዞር ተናገረች። ዘገባው ለሁለት ሰዓት ዜና መድረስ አለበት፤ የተሰጠን ቦታ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ምስጋናዋን አስቀርቼ ሌላውን ቆረጥሁት። ማንም አላዘዘኝም። ምስጋናው አጭርና ጥርት ያለ ስለነበር ብቻ ነው።

በዚያው እረፍቴ ሴትዮዋን መርሳ ገበያ አገኘኋት። ያወቀችኝ ዜና ሳነብ ነው። «ያን ሁሉ ተናግሬ ምስጋናዬን ብቻ ወሰዱት እኮ!» አለችኝ። ቀጥላም እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል፣ «አንችማ የሰጡሽን ታነቢያለሽ እንጂ ምን ታደርጊ» አለች። የቆረጥኋት እኔ መሆኔን ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ማንጎውን አስመዝኜ ሄድሁ።

በመስኮቱ ሳለሁ ቃል ስስት በነጋታው የሻይ ቤቱ አሳላፊ ሳይቀር ያርመኝ ነበር። ይህንን ስሕተት ግን ማንም ሊያርመኝ አልቻለም፤ የጠፋውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኛ።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የተግባር ሥራ ስናስረክብ፣ ያቀናበረው ተማሪ ምን እንደቆረጠና ለምን እንደቆረጠ በግማሽ ገጽ ጽፎ አብሮ ያስገባ። ነጥብም ይያዝበት፤ ከአቅራቢዋ እኩል። ወረፋውም ይዙር፤ ድምፁ ያማረው ልጅ አንድ ሴሚስተር ቆራጭ ሆኖ ይቀመጥ። መጀመሪያ እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ፤ እኔም አኩርፌ ነበር፣ በገዛ ፈቃዴ ገብቼም እንኳ።

እናቴ አሁን ዜናው እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ታናሽ እህቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ «ምስል ቅንብር» ከሚለው ሥር ስሜን ልታነብላት ትሞክራለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳትደርስበት ማስታወቂያው ይገባል።