መብራቱን ከመግዛታችን በፊት ተክሉን እንጠይቅ

ሰሞኑን በተቋማችን ግቢ ሁለት ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ጉዳይ ይነሣል። የሳይንስ ክበባችን በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ውስጥ ላሉት ችግኞች የሚሆን የተክል ማሳደጊያ መብራት ይገዛ ሲል ሐሳብ አቅርቧል። ገንዘቡ የሚዋጣው ደግሞ ከእኛው ከሠልጣኞች ኪስ ነው። አንዱ ወገን «ያ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያበራው ካልተገዛ ዋጋ የለውም» ይላል። ሌላው ወገን በበኩሉ «ፀሐይ በነፃ በሚገኝበት አገር ለጎመን መብራት መግዛት ምን ይሉት ቅንጦት ነው?» ብሎ ያፌዛል። እኛ ሁለቱም ወገኖች ክርክሩን ከመጨረሻው የጀመሩት ይመስለናል። በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት መብራቱ ሳይሆን ተክሉ ነውና፣ አንባቢያን ሆይ፣ እስቲ ጥቂት ታገሡን።

ክፍሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያለው መስኮት አንድ ነው፤ እሱንም ፊት ለፊት የቆመው ሕንፃ ጋርዶታል። በዘይት ጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን የተዘራው ቆስጣ፣ ጎመንና ቲማቲም አንገቱን አስግጎ ወደ መስኮቱ ተንጋዷል። ግንዱ ቀጥኖ ረዝሟል፣ ቅጠሉም ገርጥቷል። ይኸ በሽታ አይደለም፤ ውሃ ቢጨመርለትም ሆነ ማዳበሪያ ቢደረግለት አይድንም። ብርሃን ያጣ ተክል ያለችውን አቅም ሁሉ ብርሃን ፍለጋ በመርዘም ላይ ስለሚያውላት እንዲህ ይሆናል። ተክል በብርሃን አማካይነት ምግቡን እንደሚያዘጋጅ የሚያስተምር ክፍል፣ ራሱ የተራበ ተክል ደርድሮ ሲገኝ እንዴት ዝም ይባላል? ስለዚህ ችግሩ እውነተኛ ነው። «ቅንጦት ነው» የሚሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እዚህ ላይ ቆም ብለው ቢያስቡ መልካም ነው።

«ክፍሉ እኮ ብሩህ ነው፣ መጽሐፍ ይነበብበታል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የሰው ዓይን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚታመን ምስክር አይደለም። ዓይናችን ጨለማውንም ደማቁንም እያስማማ ያሳየናል። ደመና በሌለበት ቀትር ከደጅ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ይደርሳል። ለንባብ የሚመቸን የክፍል ውስጥ ብርሃን ግን 300 ወይም 500 ሉክስ ቢሆን ነው። እኛ ገብተን ቁጭ ስንል ልዩነቱ ብዙም አይታወቀንም፤ ለቲማቲሙ ግን የጥጋብና የጠኔ ያህል ነው። የአትክልት ችግኝ ጠንክሮ እንዲወጣ ቢያንስ 10,000 ሉክስ ያህል ለረዥም ሰዓት ሊያገኝ ይገባል። በጥላ ሥር መኖር የለመዱ የጌጥ ቅጠላቅጠሎች ግን ከ1,000 እስከ 2,000 ሉክስ ባለው ይቆያሉ።

መለኪያ መሣሪያ የለንም ብሎ ማሳበብም አይቻልም። ብዙዎቻችን የያዝነው ስልክ ሉክስን በግምት ሊነግረን ይችላል። እሱ ባይኖር እንኳ እጅ አለ። ነጭ ወረቀት ተክሉ ባለበት ቦታ አንጥፎ፣ እጅን ከወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መዘርጋት ነው። የጣቶቹ ጥላ ጥርት ብሎ ከታየ ብርሃኑ ብዙ ነው፤ ጥላው ከደበዘዘ መካከለኛ ነው፤ ጥላ ጨርሶ ከሌለ ቦታው ለችግኝ አይሆንም። በእኛ ክፍል መደርደሪያ ላይ ጥላው አይታይም። መሞከር የሚፈልግ ሄዶ ያረጋግጥ።

ታዲያ በቀጥታ ወደ ሱቅ እንሩጥ ማለታችን ነው? አይደለም። ፀሐይ ሊያበቅለው ለሚችለው ተክል መብራት መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል። ደጅ ወጥቶ ማደግ የሚችል ሁሉ ደጅ ይውጣ። መስኮቱ ዘንድ የሚቆመውም ቦታው ታስቦበት ይቁም። የውጭ አገር መጻሕፍት «ተክሉን በደቡብ መስኮት አኑሩት» ይላሉ፤ ይህ የተጻፈው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው አገሮች ነው። የእኛ አገር ፀሐይ እንደዚያ አይደለችም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ መጽሐፉን እንዳለ መቅዳት ትተን ፀሐይዋን እንከተል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚገባባቸው የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ዓመቱን ሙሉ ያገለግላሉ። የመስኮቱን አቧራ መጥረግና ግድግዳውን በኖራ ማንጣትም ገንዘብ ሳይወጣበት ብርሃን ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለሙከራና ለማስተማሪያ የግድ በክፍሉ ውስጥ የሚቀሩ ጥቂት ጣሳዎች አሉ። መብራት የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። እንግዲህ የትኛው መብራት?

በወይን ጠጁ እንጀምር። የእሱ ደጋፊዎች መነሻ የላቸውም አንልም። እ.ኤ.አ. በ1882 ኤንገልማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ብርሃንን በፕሪዝም በትኖ በአልጌ ላይ በማሳረፍ፣ ኦክስጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎች የት እንደሚሰበሰቡ ተመለከተ። ባክቴሪያዎቹ የተሰበሰቡት በቀዩና በሰማያዊው ብርሃን አካባቢ ነበር። ስለሆነም ቀይና ሰማያዊ አምፑሎች ተደባልቀው ወይን ጠጅ መሳይ መብራት ቢሠራ ከሳይንስ ውጭ አይደለም። ሰፋፊ የዕፀዋት ማሳደጊያ ቤት ያላቸው ሰዎች በኤሌክትሪክ ቁጠባ ረገድ ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ ማክሪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጥናት 22 ዓይነት ሰብሎችን መርምሮ፣ አረንጓዴው ብርሃንም ከምንገምተው በላይ ለተክል እንደሚያገለግል አሳይቷል። እንዲያውም አረንጓዴው ብርሃን ወደ ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። «ተክል አረንጓዴ ብርሃን አይጠቀምም» የሚለው የሱቅ ወሬ እንግዲህ ከጥናቱ ጋር አይስማማም።

ተራው ነጭ የኤል.ኢ.ዲ. አምፑልስ ምን አለው? ውስጡ ያለው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ቅንጣት ነው፤ በላዩ የተቀባው ዱቄት ከፊሉን ሰማያዊ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይለውጠዋል። ሁሉም ተደባልቆ ለዓይናችን ነጭ ይሆናል። ይህን ሰማያዊ ቅንጣት ለመሥራት ስንት ዓመት ተለፍቶበታል! አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው። እንግዲህ ተክሉ የሚፈልገው ሰማያዊም ቀይም በነጩ አምፑል ውስጥ አለ ማለት ነው። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ። በወይን ጠጁ ብርሃን ሥር ቅጠል ሁሉ ጥቁር መስሎ ይታያል። ቅጠሉ ይገርጣ፣ ተባይ ይግባበት፣ ተማሪው በምን ይለየዋል? ተመልክቶ ለመማር የተዘጋጀ ነገር ተመልካቹን የሚያሳውር መሆን የለበትም።

ሁለተኛው መደናገሪያ ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ የሚገዛ ብዙ ነው። ዋት የሚነግረን ግን አምፑሉ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፑል ከሚወስደው ኃይል ከመቶ 90 የሚበልጠውን በሙቀት ያባክነዋል፤ የሚሰጠው ብርሃን 800 ሉመን ያህል ነው። ባለ 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ.ም ያንኑ 800 ሉመን ይሰጣል። «ከ60 ዋት ጋር እኩል» እያለ የሚጽፈውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ዋቱን አልፈን ሉመኑን እናንብብ። እርግጥ ሉመን የሚለካው በሰው ዓይን ሚዛን ነው፤ ወይን ጠጁን በሉመን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነጩን ከነጭ ጋር ለማወዳደር ግን በቂያችን ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ለሙከራ የምንፈልገው መደርደሪያ 30 በ60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 0.18 ካሬ ሜትር ነው። አራት ባለ 800 ሉመን አምፑሎች በድምሩ 3,200 ሉመን ይሰጣሉ። ለ0.18 ሲካፈል 17,800 ሉክስ ያህል ይመጣል። ከዚህ አንድ ሦስተኛው ወደ ጎን ቢባክን እንኳ ወደ 12,000 ሉክስ ይቀራል፤ ለችግኝ የሚበቃ ነው። አራቱ አምፑሎች በቀን 14 ሰዓት ቢበሩ የሚወስዱት በወር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህንኑ ብርሃን በድሮዎቹ ባለ 60 ዋት አምፑሎች እናግኝ ብንል 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ ችግኙን ይለበልበዋል። እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፤ የሚያጣራ መምህር ካለ ደስ ይለናል።

ሦስተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። ውድ መብራት ገዝቶ ጣሪያ ላይ መስቀል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ከአንድ አምፑል የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ኤል.ኢ.ዲ. ብዙ ስለማያግል ከችግኙ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሊንጠለጠል ይችላል። ችግኙ ሲያድግ ገመዱን ከፍ ማድረግ ነው። አደራ፣ ውሃ በምናጠጣበት ጊዜ መብራቱ ይጥፋ፤ ሽቦና ሶኬትም ከጣሳዎቹ በታች አይዘርጉ።

አራተኛው የሰዓት ነገር ነው። «ብርሃን ጥሩ ከሆነ ሌሊቱንም ይብራ» የሚል አስተያየት ሰምተናል። ተክል ግን ጨለማም ይፈልጋል። ጋርነርና አላርድ የተባሉት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ጥናት አንድ ዓይነት ትንባሆ ቀኑ ካላጠረለት አበባ እንደማያወጣ አስረድተዋል። ሌሊትና ቀን ለተክል ሰዓት መቁጠሪያው ናቸው። በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ማብራት ለችግኞቻችን ይበቃል። በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ ሰዓት ሶኬት ቢገኝ ደግ ነው፤ ባይገኝ ተረኛ መመደብ ነው። ኤሌክትሪክ አንድ ቀን ቢቋረጥ ችግኝ አይሞትምና አንደንግጥ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። እኛ ከዚህ ተመርቀን የምንሄደው ወዴት ነው? ከእኛ ብዙዎቻችን የምንመደበው ኤሌክትሪክ ባልገባበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ይዘነው የምንሄደው መብራት የለም። ይዘነው የምንሄደው መጠየቅን፣ መለካትንና ማወዳደርን ነው። ሁለት ጣሳ ባቄላ ዘርቶ አንዱን በብርሃን፣ አንዱን በጥላ ማሳደግ፤ በካርቶን ጎን አንዲት ቀዳዳ በስቶ ቡቃያው ወደ ቀዳዳዋ ሲጎነበስ ለሕፃናት ማሳየት፤ ይኸ ቆጣሪ አያስፈልገውም። ዛሬ ሻጭ ያለንን አምነን፣ ሳንለካና ሳናወዳድር ከጓደኞቻችን ኪስ የወጣውን ገንዘብ የምናወጣ ከሆነ ግን፣ ነገ ተማሪዎቻችንን «መርምራችሁ ድረሱበት» ለማለት በምን አፋችን? አንዳንዱ ሠልጣኝ ከቁርሱ ቀንሶ እንደሚያዋጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ለክበቡ አመራር የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ደጅ ሊወጡ የሚችሉት ችግኞች በዚህ ሳምንት ይውጡ። ሁለተኛ፣ በክፍሉ ውስጥ የብርሃኑ መጠን ይለካና ውጤቱ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ በቅድሚያ ለአንድ መደርደሪያ ብቻ የሚሆኑ አራት ነጭ አምፑሎች ይገዙ። አራተኛ፣ ያለ መብራት የሚያድግ አንድ ረድፍ ጎን ለጎን ይቀመጥና ቁመቱ፣ የቅጠሉ ብዛትና ቀለሙ ለአንድ ወር ይመዝገብ። ወይን ጠጁን መብራት ከሚያውቁት ሰው መዋስ የሚችሉ ካሉም ሦስተኛ ረድፍ አድርገው ይምጡ፤ ቲማቲሙ ራሱ ይፍረድ። ከወሩ በኋላ ተጨማሪ መብራት ያስፈልጋል ከተባለ፣ ለማዋጣት እኛ የመጀመሪያዎቹ እንሆናለን።

እኛ ያለንን ብለናል። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ሠልጣኞችም ሆናችሁ መምህራን፣ በመተላለፊያው ላይ ከምንከራከር በዚሁ ጋዜጣ ብትጽፉልን ከልብ እናነባለን።