የንግድ ቤቶቻችን መልክ ከማን ተበደረ?

የአንድ አገር ሥልጣኔ ሲመዘን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ፋብሪካው፣ መንገዱ፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ናቸው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ስለሚመስል ነገር፣ ይኸውም በንግድ ቤት ደጃፍ ስለሚሰቀለው ታፔላ፣ በደብዳቤ ወረቀት ራስጌ ስለሚታተመው አርማ፣ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ደረሰኙና ከኪስ ስለሚወጣው የአድራሻ ካርድ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እንወዳለን። «ይኽ የአታሚዎችና የታፔላ ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው፤ ለተማሪ ምኑ ነው?» የሚለን ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብልን እንለምነዋለን።

ነጋዴ በሁሉም ቦታ ራሱ ሊገኝ አይችልም። እርሱ በማይደርስበት ደብዳቤው ይደርሳል፤ እርሱ በማይናገርበት ታፔላው ይናገራል። ደንበኛው ባለቤቱን ሳያይ በፊት ያየው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ አርማ ማለት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ «ይኽን ዕቃ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቢበላሽም የምጠየቀው እኔ ነኝ» የሚል ቃል ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለንግድ ቤትም ይሠራል። ቃል ደግሞ የሚታመነው ተናጋሪው በራሱ አንደበት ሲናገረው ነው። የእኛ አሳብ ባጭሩ ይኽ ነው፦ የኢትዮጵያ ንግድ ቤት መልክ ከሚሠራው ሥራና ከሚያገለግለው ሕዝብ ፊደል መወለድ አለበት። ዛሬ ግን አብዛኛው መልክ የተበደረ ነው።

ይኽን ስንል ከአየር ላይ የወሰድነው ነገር የለም። ከመርካቶ ጀምሮ በማናቸውም የከተማችን ትልቅ መንገድ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ሊያየው ይችላል። አንዱ ድርጅት ክብ ዓለምን በቀለበት ከብቦ አርማዬ ነው ይላል፤ ጎረቤቱም ያንኑ ክብ ዓለም ቀለሙን ለውጦ ይሰቅላል። ሌላው የታወቀ የውጭ መኪና ወይም የስልክ ኩባንያ ምልክት ወስዶ፣ አንድ መስመር አጥፎ የራሱ ያደርገዋል። ስሙ በእንግሊዝኛ በትልቁ ከላይ ይጻፍና አማርኛው ከታች እንደ እንጀራ ልጅ ተጨምቆ፣ ወይም ቦታውን እንዲሞላ ሲባል ወደ ጎን ተለጥጦ ይቀመጣል። «ኃ/የተ/የግ/ማ» የሚለው ምህፃረ ቃል አንዳንድ ጊዜ ከድርጅቱ ስም ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ወደ ሱቁ የሚገባው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያንን እንግሊዝኛ የማያነብ የሰፈር ሰው ነው። እንግዲህ ታፔላው የሚያናግረው ማንን ነው? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲባል የሰማን ሁሉ መልሱን እናውቀዋለን።

የሚያሳዝነው ነገር፣ ለዚህ ሥራ እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዶች አለመሆናችን ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችንን የገለጠ ሰው በገጹ ራስጌ ላይ «ሐረግ» የሚባለውን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ያውቃል። አንባቢው አንድ ቃል ሳያነብ፣ አዲስ ክፍል መጀመሩንና መጽሐፉ የተከበረ መሆኑን በሐረጉ ይረዳል። ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ብራናውን በመሣሪያ ይጫንና መስመሩን ያሰምር ነበር፤ ጥቁሩን ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለመክፈቻው ይለይ ነበር። ዛሬ የሥነ ንድፍ መምህራን ስለ ገጽ አከፋፈልና ስለ ቀለም ቁጠባ የሚያስተምሩን ነገር በእነዚያ ሰዎች እጅ ነበረ ማለት ነው። የነገሥታቱንም ደብዳቤዎች የተመለከተ፣ ማኅተሙ ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ መቀመጡን ያያል። ተቀባዩ ጉዳዩን ከማንበቡ በፊት የማን ቃል እንደ ደረሰው ያውቃል። ከዚህ የተሻለ ባለአርማ የደብዳቤ ወረቀት ምን አለ? ዛሬም ቢሆን በአገራችን ማኅተም ያልተመታበትን ወረቀት የሚያምን መሥሪያ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

«ያ የብራና ዘመን ነበር፤ መኪናው ፊደላችንን አያውቅም» የሚል ምክንያትም ዛሬ አያዋጣም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመበት ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ ፊደላችን ከማተሚያ መኪና ጋር ኖሯል። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጽሕፈት መኪና ጋር ሊያስማሙት ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት የግዕዝን ፊደል ተቀብሎታል። በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክ ሀሁን ይጽፋል። እንግዲህ የጐደለው መሣሪያ ሳይሆን ፊደሉን እንደ ዋና ነገር ቈጥሮ የሚነሣ አእምሮ ነው።

ፊደላችን የራሱ ጠባይ አለው። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ተብሎ ስለሚከፈል፣ የውጭው ሠዓሊ የስሙን መጀመሪያ በትልቁ ጽፎ አርማ ያደርገዋል። በእኛ ዘንድ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለም፤ ስለዚህ ያንኑ ዘዴ መገልበጥ ፊደሉን ማስጨነቅ ነው። በእኛ ፊደል ቁም ነገሩ ያለው በእግሩ፣ በአንገቱና በጎኑ በምትቀጠለው ትንሽ ምልክት ላይ ነው። «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው በጎኑ ያለው አንድ ጭረት ብቻ ነው። የቡና ነጋዴው ስሙን በቀጭን ፊደል አሳጥሞ፣ በአድራሻ ካርዱ ላይ አሳንሶ፣ ቀለሙ ትንሽ ቢፈስስበት «ቡና» የነበረው «በና» ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለውን ነገር ከሌላ አገር የመጣ የንድፍ መጽሐፍ አይነግረንም፤ ፊደሉን ከልጅነቱ የቈጠረ ሰው ግን ያውቀዋል።

ስለዚህ አርማ የሚያሠራ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ቀላል ፈተናዎች እንዲያደርግ እንመክራለን። መጀመሪያ፣ አርማው በጥቁር ቀለም ብቻ ተባዝቶ ይታይ፤ ደብዳቤና ደረሰኝ በፎቶ ኮፒ መባዛታቸውና በስልክ ተነሥተው በቴሌግራም መላካቸው አይቀርምና፣ ውበቱ በቀለም መደባለቅ ላይ ብቻ የቆመ አርማ በዚያ ጊዜ ጥላሸት ይሆናል። ሁለተኛ፣ እስከ አንድ ብር ሳንቲም ድረስ ተንሶ ይነበብ እንደ ሆነ ይታይ፤ በማኅተምና በካርድ ላይ የሚኖረው ቦታ ያን ያህል ነውና። ሦስተኛ፣ ስሙ ተሸፍኖ ምልክቱ ብቻ ለማያውቀው ሰው ይታይና፣ የሌላ ድርጅት መስሎት እንደ ሆነ ይጠየቅ። ከእነዚህ ሦስቱ ያለፈ አርማ ምንም ያህል ቀላል ቢሆን ባለቤቱን ያገለግለዋል።

«ምልክት እንጀራ አይሆንም» ለሚሉን ደግሞ የቡናችንን ነገር እናስታውሳቸዋለን። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያም ጋር ብርቱ ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ፈረሙ። ልብ እንበል፤ ያ ሁሉ ጠበቃና ያ ሁሉ ክርክር የተነሣው ስለ አንድ ኬሻ ቡና አልነበረም፤ ስለ ሦስት ቃላት ነበር። ስም ዋጋ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ትልቅ ኩባንያ ባልተከራከረበትም ነበር። የይርጋጨፌ ገበሬ ቡናውን በስሙ የመሸጥ መብት ካለው፣ የአዲስ አበባው ጫማ ሠሪና የባሕር ዳሩ ሸማኔ ለምን የራሳቸው ምልክት አይኖራቸውም?

ሕጉም በአገራችን አለ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለተመዘገበ ምልክት የሰባት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ሰባቱ ዓመት ሲያልቅ ሊታደስ ይችላል። ብዙ ነጋዴዎች ግን የንግድ ስማቸውን ከንግድ ፈቃዳቸው ጋር ስላስመዘገቡ ብቻ አርማቸውም የተጠበቀ ይመስላቸዋል። የንግድ ስም ሌላ፣ የንግድ ምልክት ሌላ ነው። የሁለተኛው ምዝገባ የሚፈጸመው በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ነው። ከሌላ ሰው የተቀዳ አርማ ደግሞ ባለቤቱ ቀድሞ አስመዝግቦት ከተገኘ ለምዝገባም አይበቃም፤ ለመኮረጅ ያወጣው ገንዘብ፣ ያሳተመው ወረቀትና ያሰቀለው ታፔላ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በዚህ አሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው «የውጭ ደንበኛ አማርኛ አያነብም» የሚል ነው። እኛ እንግሊዝኛው ይጥፋ አላልንም፤ ቦታውን ይወቅ ነው የምንለው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስሙን በሁለቱም ፊደል ይዞ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን በጭራው ላይ ቀብቶ ዓለምን ይዞራል፤ ፊደላችንን አይቶ ከመሳፈር የቀረ መንገደኛ የለም። ሁለተኛው «ኢትዮጵያ የአማርኛ ብቻ አይደለችም» የሚል ነው። ይኽ እውነት ነው፤ እኛም የምንቀበለው ነው። ትግርኛን የመሳሰሉ ቋንቋዎች በዚሁ ፊደል ይጽፋሉ፤ አፋን ኦሮሞና ሌሎችም በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። የጅማው ነጋዴ ስሙን ደንበኛው በሚያነበው በአፋን ኦሮሞ አስቀድሞ ቢጽፍ የእኛን አሳብ ፈጸመው እንጂ አላፈረሰውም። መነሻው የሚያገለግሉት ሕዝብ ይሁን ነው ያልነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሠሪው ደመወዝ ሳንናገር አናልፍም። የቢሮውን ወለል በእብነ በረድ የሚያስነጥፍ ባለሀብት፣ ለአርማው ሲሆን አንድ ተማሪ ጠርቶ «እስቲ አንዲት ነገር ሣልልኝ» ይላል። ሥራው ሲቀርብለት «አንድ ሰዓት ላልፈጀ ነገር ይኽን ያህል ትጠይቃለህ?» ብሎ ይከራከራል። ሐኪም መድኃኒት ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት የምንከፍለው ለአምስቱ ደቂቃ አይደለም፤ ለተማረበት ዘመን ነው። በሌላ በኩል፣ አንዱን ሥዕል ቀለሙን እየለወጠ ለሦስት ደንበኛ የሚሸጥ ሠሪ የራሱን ሙያ ገበያ ያረክሳል። መተማመን ከሁለቱም ወገን መምጣት አለበት።

የተከበሩ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን ሆይ፤ በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ንግድ የሚማሩ አሉ፤ ሕግ የሚማሩ አሉ፤ ቋንቋና ፊደል የሚያጠኑም አሉ። በሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ግቢ እየኖሩ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ አይታዩም። የኅብረታችን ሥራ አስፈጻሚዎች፣ ከሠዓሊው፣ ከንግድ ተማሪውና ከሕግ ተማሪው አንዳንድ ሰው ያለበት ትንሽ የሥራ ቡድን እንዲያቋቁሙ እናሳስባለን። ቡድኑ በየመንፈቁ ለጥቂት አነስተኛ ነጋዴዎች፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ ለብረት ሠሪው፣ በመጠነኛ ክፍያ አርማ፣ የደብዳቤ ወረቀትና ደረሰኝ ያዘጋጅላቸው፤ ምልክታቸውንም እንዴት እንደሚያስመዘግቡ ይምራቸው። መምህራኖቻችን ይኽን እንደ ትምህርት ሥራ ቈጥረው ነጥብ ቢሰጡበት ተማሪው በጨዋታ መልክ አይመለከተውም።

ዳቦ ጋጋሪዋ ስሟ በትክክል ተጽፎ፣ በፊደሏ አምሮ፣ በሕግ ተጠብቆ ሲሰቀል ብታይ፣ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚሠራ ከማናቸውም ንግግር ይልቅ በዚያ ታፔላ ይገባታል። ሥራው ሰፊ አዳራሽ አይጠይቅም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ጥቂት ፈቃደኞች ይበቁታል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ስማችሁን ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።