ቀይ እስክሪብቶ ጫኖ ድረስ ምን አመጣው?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ መስከረምን ሳልጠብቅ ጉዱን ጫኖ ላይ በዓይኔ አይቼ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ሲመላለስባት በምትውለው ጫኖ አንድ ዝግጅት ነበር። ድንኳን ተተክሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ለክቡራን እንግዶች የታሸገ ውሃ ቀርቧል። ከመርሐ ግብሩ መካከል «ግጥም» የሚል አለ። አንባቢው የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱ የሐሬን ወንዝ ጠልፈው ሙዝ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ግጥሙን በዋዜማው አስነብቦኛል። ስለ ደላላ ሚዛን ነው። ማሳ ላይ ሲመዘን የሚቀለው ሙዝ አዲስ አበባ ሲደርስ በምን ተአምር እንደሚከብድ ይጠይቃል። ሪባኑ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ውሃው አንድም ጊዜ ስላልመጣበት ቦይም ያነሳል። ስም አልጠራ፣ ማንንም አልሰደበ። ያስቃል፤ ሳቁ ሲያበቃ ግን ያሳፍራል።

ልጁ መድረክ ላይ አልወጣም። ስሙን የማልጠራው የአንድ ቢሮ ሰው «ለቅድመ ግምገማ» ብሎ ወረቀቱን ተቀበለው፣ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዘውና «መልእክቱ አፍራሽ ነው፤ ገንቢ አድርገህ አምጣው» አለው። በእሱ ፋንታ ሌላ ሰው ወጥቶ እንግዶቹን ከፀሐይ ጋር እያመሳሰለ አነበበ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ለምዶበት ነው መሰለኝ።

ኮሌጅ ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ስለ አሌክሳንደር ፖፕና ስለ ጆናታን ስዊፍት ሲያወሩ የኋላ ወንበር ላይ አንቀላፋ ነበር። ፈረንጅ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በግጥም ቢዘላለፍ እኔን ምን አገባኝ? እያልኩ። ያን ቀን ከጫኖ ስመለስ ግን ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ገባኝ። (ከዚህ በታች ስለ እንግሊዞቹ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖፕ ጀርባው የጎበጠ፣ ቁመቱ ከልጅ የማይበልጥ፣ በዚያ ላይ ካቶሊክ በመሆኑ ሹመት የተከለከለ ሰው ነበር። የሆሜርን «ኢሊያድ» ከ1715 እስከ 1720 ተርጉሞ ሲያወጣ አንባቢዎች ተመዝግበው አስቀድመው እንዲከፍሉ አደረገ። ቤቱን የሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። የጌታ እጅ ስላልጠበቀ በ1728 ባወጣው «ደንሲያድ» የዘመኑን አጎብዳጅና ወሬኛ ጸሐፊ ሁሉ መሳቂያ አደረገው፤ በ1733 ደግሞ ስለ ገንዘብ አጠቃቀም በጻፈው ግጥም ባለጠጎቹን ወረደባቸው። (የተራቡ ጋዜጠኞችንም አልማራቸውም። እኔን የመሰለውን ፍሪላንስ ቢያገኝ አይለቀኝም ነበር። ይሄ ነውሩ ነው፤ አልደብቅለትም።)

ስዊፍትማ ጉድ ነው! ዊሊያም ዉድ የሚባል ነጋዴ በ1722 ለአየርላንድ የመዳብ ሳንቲም የመቅረጽ ፈቃድ ከለንደን አገኘ። ስዊፍት የጨርቅ ነጋዴ መስሎ በ1724 ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ አሳተመ፣ ዉድን በግጥምም ቀጠቀጠው። መንግሥት የጸሐፊውን ማንነት ለሚጠቁም 300 ፓውንድ ሽልማት አወጀ። ማን እንደጻፈው ደብሊን ያውቃል። የተናገረ ግን አልተገኘም! አሳታሚው ታሠረ፣ ፈቃዱ ግን በ1725 ተሰረዘ። ለአንድ ሳንቲም ይህ ሁሉ ከተባለ ለሙዝ ሚዛን ጥቂት ስንኝ በዛ?

ሳሙኤል ጆንሰንም አለ። በ1735 ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ስለ ሀገራችን የጻፈውን መጽሐፍ ተርጉሞ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «ለንደን» በተሰኘ ግጥሙ የከተማዋን ብልግና አጋለጠ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋልፖል ሲመራቸው በ1737 ቲያትር ሁሉ ሳይታይ በፊት እንዲገመገም የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ቅድመ ግምገማ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ቅድመ ግምገማው እስከ 1968 ቆየ። ቀይ እስክሪብቶ ዕድሜው ረጅም ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ነው፣ ከባህላችን አይሄድም» የሚለኝ ካድሬ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የትኛው ባህል? ሰሙን ለጌታው፣ ወርቁን ለሕዝቡ የሚያቀብል ቅኔ የማን ነው? የአለቃ ለማ ልጅ መንግሥቱ ለማ ቅኔውን ከአባቱ፣ ዘመናዊውን ከለንደን ቀስሞ፣ በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» መኳንንቱን እያሳቀ አልነካም? ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይገኙበት በነበረው የኮሌጅ ቀን፣ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል» ብሎ አላነበበም? በ1959 ዓ.ም. ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ብሎ አልጠየቀም? በዘውዱ ዘመን ደሀው ተናገረ፤ ዛሬ ጫኖ ላይ የሙዝ ገበሬው ልጅ አፉን ተያዘ።

ጋሞ ውስጥ ደግሞ ዱቡሻ አለ። ቅሬታ ያለው ሰው አደባባይ ወጥቶ ይናገራል፣ ሽማግሌ ይሰማል። መስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣውን ወጣት ለምለም ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው የመለሱት እነዚያው አባቶች ናቸው። መጀመሪያ «ቃልህን አሳየንና እናርምልህ» አላሉትም። ሕግ ካስፈለገም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። የቢሮው ሰው አንቀጹን ያውቁታል ወይስ እሱንም በቀይ ሰርዘውታል?

ጥፋቱን ሁሉ ቢሮው ላይ ብቻ አልደፋም። ገጣሚ ነን የምንለውስ? አበል እስከታሰበ ድረስ ማንኛውንም ወንበር እናወድሳለን። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ለአንድ ምርቃት የተጻፈ የውዳሴ ግጥም በአምስት መቶ ብር አርሜያለሁ። ብሩ ለቤት ኪራይ ገባ። አከራዬ ፖፕን አያውቁትም።

ያን ቀን የልጁ አባት ዱንጉዛቸውን ለብሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ድንኳኑ ሲነቀል ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው «ያንተ ተራ አልደረሰም እንዴ?» አሉት። ልጁ መሬት መሬት አየ።

ስለዚህ እርስዎ የቢሮው ሰው፣ ወረቀቱ መሳቢያዎ ውስጥ ነው። ይመልሱለት። የጻፈው በእጁ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም።