ጨጓራ ነው እያልን የምንቀብራቸው

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ለመሆኑ ምን ነካው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። «ማታ ጨጓራዬን አለ፤ ሲነጋ የለም!» ይሉታል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ብርድ ነው የመታው» ይላል። እኔ ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። ልቡንስ ማን መረመረለት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ራሷን የምትመግብባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች አሏት። ለዓመታት ስብ እየተለጠፈባቸው ይጠባሉ። የተለጠፈው የተሰነጠቀ ዕለት ደም እዚያው ይረጋና ሥሩ ድፍን ይላል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር የልብ ጡንቻ እየሞተ ይሄዳል።

ዓለም ይህን ሥር በዓይኑ ማየት ከጀመረ ቆየ። አሜሪካዊው ሐኪም ሜሰን ሶንስ እ.ኤ.አ. በ1958 በቀጭን ቱቦ ቀለም ረጭተው የልብን ደም ሥር በራጅ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ አንድሪያስ ግሩንትዚግ ዙሪክ ላይ የጠበበውን ሥር በትንሽ ፊኛ ከፈቱ። ዛሬ ስቴንት የሚሉት የሽቦ መረብ ገብቶ ሥሩን ደግፎ ይይዛል። በእኛም አገር ይህን የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ፤ ቦታው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሹማምንቱስ ሲያማቸው አውሮፕላን አለላቸው፤ የገጠሩ ገበሬ በምን ይድረስ?

«ታዲያ በየወረዳው ይህ መሣሪያ ይተከል ነው የምትለው?» እንዳትሉኝ። እኔ የምለው ከታች ይጀመር ነው። አይሲስ-2 የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1988 ሲታተም ከ17 ሺህ በላይ ሕሙማንን አይቶ ነበር። አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ ቀነሰ። የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ ሲጨመርበት 42 በመቶ ደረሰ። አዎ፣ ያው ለራስ ምታት የምንውጠው አስፕሪን!

እንግዲህ ሪባን መቁረጥ የምትወዱ ሁሉ ስሙ! ደረቱን ይዞ የመጣ ሰው የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የሚመለሰው እስከ መቼ ነው? በየጤና ጣቢያው ኢሲጂ ይኑር፤ የሚያነበው ባለሙያ ይሠልጥን፤ አስፕሪን ከመደርደሪያው አይጥፋ፤ አምቡላንሱም የስብሰባ መኪና አይሁን። ይህ ሳይሟላ ትልቁ መሣሪያ ቢመጣ በሽተኛው በሕይወት አይደርስለትም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ጠንቀቅ በል። ደረትን የሚጨመድድ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ሲመጣ ጦስኝ አፍልቶ መተኛት የለም። በተለይ ስኳር ያለባቸው ሰዎችና ሴቶች ምልክቱ ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆንባቸው ይችላል። በቶሎ ሂድ፤ «ኢሲጂ አንሡኝ፤ አስፕሪንስ ይስማማኛል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። መጠየቅ መብትህ ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!